ድስቴን ታቅፌ ሞምባሳ

የምሥራችዬ፣ እንደምን ከርመሻል?

ፍልሰታ ነውና ሥጋ ባልነካው ድስት ላበስል ብዬ፣ የራሴን ድስት ታቅፌ አውሮፕላን ስሳፈር ያልሳቀብኝ የለም። ትናንት በእንግዳ ማረፊያው ቡታጋዝ ላይ የባቄላ ንፍሮ ጣድኩና፣ እንደ ደጋው አገራችን እንደ መሐል ሜዳ ቀስ ብሎ የሚበስል መስሎኝ ባሕሩን ለማየት ወረድኩ። ስመለስ ንፍሮው ገንፎ ሆኖ ጠበቀኝ! ማን ነካብኝ ብዬ ቤቱን ሳምስ ቆየሁና ሳቄ መጣ። ደጋ ላይ ውኃ ብዙ ሳይግል ስለሚፈላ እህል ቶሎ አይበስልም እያልኩ በየዓመቱ ሳስተምር፣ የራሳችን ድስት አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አማትሽ እማማ ወለተኪዳን «በእኛ በመርሐቤቴ ቆላ ንፍሮ ወዲያው ይበስላል፤ እዚህ ቤት የጠፋው ሙያ ነው» ሲሉሽ ስንቴ ጓዳ ገብተሽ አልቅሰሻል? ለካ እሳቸውም አልዋሹ፣ አንቺም አልሰነፍሽ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። የእማማንም ጉልበት ሳሚልኝና ይህን አንብቢላቸው፦ እዚህ ገንፎ የሆነው ባቄላ ለስንቅ የቋጠርሽልኝ፣ እሳቸው ንፍሮውን ጥሬ ነው ብለው ከመለሱብሽ ከዚያው ባቄላ ነው።

እየሩስ