የሴና ልብ

ጥቅምት 13፣ 2015፣ እሑድ

ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማርኩ። ያው የልብ ሥዕል... የባዮሎጂ መምህርት ሌላ ምን ታመጣለች? የልቡን ቀኝና ግራ የሚለየውን ግድግዳ በቀይ ጠመኔ አሰመርኩበት። “የጸዳው ደም ካልጸዳው እንዳይቀላቀል ማን ከፈለው? በአጋጣሚ ነው?” “አይደለም!” አሉ በአንድ ድምፅ። ደስ ሲለኝ!

ስመለስ ጎረቤቴ ዘርፈሽ ጋ ገባሁ። አራስ ናት። ልጇን ሴናን ክርስትና የማነሣት እኔ ነኝ። ጡት ስትጠባ ላብ ያጠምቃታል። ለምን?

ጥቅምት 23

ሴናን ሐኪም ጋ ወሰድናት። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። እዚያው እኔ የማሰምርበት ግድግዳ ላይ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ውሰዷት፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለን። ወረፋ አለው።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ስንገባ ዘርፈሽ... “እርጉዝ ሳለሁ ምን ነበር ያልሽኝ? ልብን ያየ ሰው እግዚአብሔር የለም አይልም አላልሽኝም? የሷን ልብ ያየስ ምን ይበል?”



ኅዳር 4፣ እሑድ

አሞኛል ብዬ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀረሁ። አላመመኝም።

ኅዳር 12

የዘርፈሽን ጥያቄ የፊዚክሱን መምህር ኤቢሳን ጠየቅኩት። “ተፈጥሮ በኃጢአት ተበላሸ በያት” አለኝ። ይኼን ለእናት? ደግሞስ... ደህናው ልብ ማስረጃ ከሆነ ቀዳዳውስ? የሚመቸውን ይዞ የማይመቸውን መተው... ተማሪ ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው። “ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ራስሽን አታድክሚ” ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 8

ክርስትናው ነገ ነው። በሕፃኗ ፈንታ አምናለሁ የምለው እኔ። ፈራሁ። ለዘርፈሽ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት።

“ማንን? አንቺ ትወጃታለሽ። ነይና ያዣት።”

ታኅሣሥ 9

ያዝኳት። ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ቄሱ ቆመው ጠበቁኝ... አምናለሁ አልኩ። ዋሸሁ እንዴ? እንዳትሞት ብቻ ነበር የማስበው።

የካቲት 12፣ እሑድ

ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ለንሳ የምትባለው ተማሪዬ “መምህርት፣ ልቡን አይሥሉልንም?” አለችኝ። ሣልኩ። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተውኩ።

“እዚህ ጋ ተሳሳቱ” አለችኝ።

“አልተሳሳትኩም። ልቧ እንዲህ የሆነ ልጅ አለችኝ። ሴና ትባላለች። ነገ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ትገባለች።”

ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ጠመኔውን አስቀምጬ ተነሡ፣ እንጸልይላት አልኩ። ተነሡ። የሚሰማን እንዳለ ማሳየት አልችልም... እንደ ዛሬ ግን አጥብቄ ለምኜ አላውቅም።