አባባ ከእሳት የጣሉት የአፍንጫ ጨርቅ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለኢያቄም ደባሱ፣ አርባ ምንጭ።

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ አዳርህስ እንዴት ነው? ሙቀቱን ለመድከው ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ነገር ሲከብድህ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ኅዳር ላይ በደቡብ ማርበርግ የሚሉት በሽታ ገባ፣ ከሌሊት ወፍ ይነሣል ሲባል ለሚስትህ ለሰርክአዲስ የደወልክላት ትዝ ይልሃል? «አባባ ዕድሜ ልካቸውን ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን የሌሊት ወፍ ኩስ ሲጠርጉ ነው የኖሩት፤ ልጆቹን ይዘሽ ወደ እናትሽ ሂጂ» አልካት። እሷም እናቷ ዘንድ ኩልመስክ ከመሄዷ በፊት ምንጭ ላይ ለሴቶቹ አወራችላቸው። ከዚያ ወዲያማ ወሬውን ማን ይያዘው!

የጤና ኤክስቴንሽኗ ንጋት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስባ አስተማረች። የሌሊት ወፍ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ግን የወደቀውንም የሞተውንም በባዶ እጅ አትንኩ፣ ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ በሳሙና ታጥባችሁ ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ኑ፣ ኩሱን ስትጠርጉ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ አርከፍክፉበት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ አለች። ጤነኛ ሰው አትሽሹ ብላም ነበር፤ እሱን ማን ሰማት! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እንዳለችው ያደረጉት አባባ ብቻ ናቸው። ለገና ዋሻውን ሲያጸዱ እሷ የሰጠቻቸውን ጓንት አጠለቁ፣ ከአሮጌ ነጠላ ቀደው አፍንጫቸውን አሰሩ። ታዲያ ምን ተባለ መሰለህ? «ደባሱ አፉን ሸፈነ፣ በቃ ይዞታል!» እግዜር ያሳይህ፣ የተጠነቀቀው ሰው በሽተኛ ሆኖ አረፈው።

የጥር ሥላሴ የማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። እማማ በዚያ ወገባቸው ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ጠበቁ። አንድ ሰው አልመጣም! ቄሱ እንኳ ለቅሶ አለብኝ ብለው ላኩ። ጽዋውን ተረክቦ በሚቀጥለው ወር የሚደግሰው ጎረቤታችን መልአኩ፣ ያ አባባ ልጁን ክርስትና ያነሡለት ሰው፣ «ጽዋውን ከደጅ ያስቀምጡልኝ፣ በአመድ አሽቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ላከብን። አባባ «የሥላሴ ጽዋ ከደጅ አይቀመጥም» አሉ። ጽዋው ይኸው እስከ ዛሬ እኛው ቤት አለ።

በማግስቱ አባባ ያንን ጨርቅ ከነጓንቱ እሳት ውስጥ ጣሉት። «ሰው ከሚሸሸኝ በሽታው ይያዘኝ» አሉ። አሁን ያንን አቧራ በአፍ በአፍንጫቸው እየማጉ ይጠርጋሉ። ንጋት ለመነቻቸው፣ እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ አይሰሙም። ወሬ ነበር፤ አሁን እውነት እንዳይሆን እፈራለሁ።

አንተ በሽታው ታየ በተባለበት አገር ስለሆንክ ሰዉ ቃልህን ያምናል። ያጣመምከው አንተ ነህ፣ አንተው አቃናው። ለሰርክአዲስ ደውልላትና አዳምንና ኤልሳቤጥን ይዛ ትመለስ። ልጆቹ የአያታቸውን ጉልበት ሲስሙ አገሩ ካየ ማኅበርተኛውም ያፍራል፣ አባባም ምናልባት ጨርቁን መልሰው ያስሩ ይሆናል። እምቢ ካልክ ግን ሁለተኛ «አባባ እንዴት ናቸው» ብለህ እንዳትጠይቀኝ!

እማማ ግንባርህን ይስሙሃል። ባለቤቴ ከፋለ እንደምን ነህ ይልሃል። የልጆችህን ሰላምታ ላደርስልህ አልቻልኩም፤ እዚህ የሉም። አባባ ሰርክአዲስ እናቷን ልታስታምም የሄደች ይመስላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ዋሻው ዞረው ሲሰግዱ «ያን ልጄን በሰው አገር ከበሽታው ሰውርልኝ» ይሉልሃል። የደወልከው አንተ መሆንህን አልነገርኳቸውም።

እህትህ የሻረግ ደባሱ
ላስታ፣ ከገነተ ማርያም ማዶ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.