ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ

ሰኔ 9

ዝናብ። ጫማዬ ውሃ ገባው። የሒሳብ ፈተናው ደህና ነበር... ሦስተኛውን ጥያቄ ሳልቆጥር።

ስገባ እማዬ ኩሽና፣ አባዬ ሳሎን። በመካከላቸው ያለው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው።»

«አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል።»

«በልቻለሁ በላት።»

«በልቻለሁ ይላል።»

«የት ነው የበላው?»

«የት ነው የበላኸው?»

«መናኸሪያ።»

«መናኸሪያ ይላል።»

«ታዲያ ቀድሞ አይናገርም በለው።»

ይህችን አላደረስኩም። መቼም ሰምቷል። ጋዜጣውን ገለጠ።

ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ። የገደል ማሚቶ ሆኛለሁ። እሱ እንኳ ሰው ሲጮህበት ነው የሚመልሰው።

ሰኔ 10

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ታላቅ እህቴ እቴቴ ታማ የቆየችው ሦስት ቀን ነው። ትኩሳት። እማዬ የመጀመሪያውን ቀን ይለቃታል ብላ ጠበቀች። አባዬ አውቶቡስ ይዞ ሩቅ መስመር ላይ ነበር። ሲነዳ ስልኩን ይዘጋል፣ የድሮ ልማዱ ነው። በማግስቱ እማዬ ስትደውል ዝግ። ደግማ ስትደውል ዝግ። ሲደርስ... በሕይወት አላገኛትም።

ከቀብሩ ስንመለስ በቀጥታ የተባባሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው።

«በመጀመሪያው ቀን ለምን አልደወልሽም?»

«የቱ ስልክ ላይ?»

ከዚያ በኋላ በመካከላቸው እኔ አለሁ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኛ ቤት ስልክ አይዘጋም። ስንተኛም፣ ስንታጠብም፣ ክፍል ውስጥም። ማንም ሕግ ነው አላለም። ግን ሕግ ነው።

ወጣልኝ? አልወጣልኝም።

ሰኔ 13

አክስቴ መጣች። የእማዬ ታናሽ። ጸጉር ሠሪ ናት፣ ምላሷ ግን ከመቀሷ የሰላ ነው።

ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ትኬት አየች። የአባዬ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለሹፌሮቹ የቤተሰብ ትኬት ይሰጣል። ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ አውቶቡሶቹ በሚሄዱበት ሁሉ። በየዓመቱ እዚያው እንደተለጠፈ ቀኑ ያልፋል። አባዬ «ሹፌር በዕረፍቱ አውቶቡስ ይሳፈራል እንዴ?» ይላል።

«ሐምሌ መጨረሻ ይቃጠላል ይላል እኮ! ጋሼ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ሂዱ እንጂ! ዓይናችሁ ሌላ ነገር ይይ።»

«እሷ ካለች» አለ አባዬ፣ ወደ እኔ እያየ።

«እሱ ካለ» አለች እማዬ፣ ወደ እኔ እያየች።

«የት ትሄዳላችሁ ታዲያ?»

ሁለቱም እኩል፦ «እሱ ይምረጥ።»

እሱ እኔ ነኝ። በስምንት ወር ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር።

ስሸኛት አክስቴ በር ላይ ጆሮዬን ያዘች። «መስከረም ላይ አንተ ስትሄድ እነዚህን ማን ያስተረጉምላቸዋል? ሰው ቀጥረህላቸው ልትሄድ ነው?»

እኔስ ሌላ ምን አስባለሁ? የቴክኒክ ትምህርት ቤቱን ፈተና ካለፍኩ ጀምሮ ይኸው ነው። ሌላ ከተማ ነው፣ አዳሪ ነው። እኔ ስሄድ እዚህ ቤት ድምፅ ይኖራል? እስከዚያ ካልተነጋገሩ አልሄድም። ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ግን ይጻፍ።

ሰኔ 15

አባዬን ስለ ከተማዎቹ ጠየቅሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። ያልረገጠው ከተማ የለም።

«ሐይቁ ያለበት እንዴት ነው?»

«መግቢያው ላይ መጥፎ ኩርባ አለ።»

«ፍል ውሃው ያለበትስ?»

«ጥሩ ጎማ ቤት አላቸው።»

«ተራራው ላይ ያለውስ?»

«ፍሬን ያግላል።»

«ሐይቁ ራሱ ግን ምን ይመስላል?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «መናኸሪያው እኮ በጀርባ በኩል ነው» አለ።

ስንት ጊዜ ሄዷል? ሁለት መቶ? ውሃውን አላየውም! አገር ምድሩን ሲያዳርስ ኖሮ ያየው አስፋልት።

«እሺ፣ የት ብትሄዱ ደስ ይልሃል?»

«እናትህ የምትወደው ይሁን።»

«ምን ትወዳለች?»

ሬዲዮኑን ከፈተ።

ወደ ኩሽና። «እማዬ፣ የት ይሻልሻል?»

«አባትህ ደስ የሚለው ይሁን።»

«ምን ደስ ይለዋል?»

«ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬ ነበር። የእሱ፣ የእሷ። ሁለቱም ባዶ።

ሰኔ 17

የጂኦግራፊ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ደስ አላቸው። ከደወል በኋላ የሚጠይቃቸው ሰው የለም መሰለኝ። ሐይቁ እሳተ ገሞራ የተወው ጉድጓድ መሆኑን፣ ወፎቹ ከየት ተነስተው እንደሚመጡ... ክንዳቸውን ዘርግተው ሳይቀር አሳዩኝ።

«እርስዎ ስንት ጊዜ ሄደዋል?»

«እኔማ...» ጠመኔውን ከጣታቸው አራገፉ። «በካርታ ነው።»

ይገርማል። አባዬ ሄዶ አላየውም። መምህር ሳይሄዱ አይተውታል። ከሁለቱ የሚያውቀው ማነው?

ሰኔ 19

ስልክ ስደውል ዋልኩ። መጓጓዣው ነጻ ነው፤ የቀረው አልጋ ነው፤ አልጋው ርካሽ መሆን አለበት።

ፍል ውሃው፦ ዋጋውን ስሰማ የአባዬ ድምፅ መጣብኝ፣ «በዚህ እኮ ሁለት ጎማ ይገዛል!» ተሰረዘ።

ተራራው፦ ርካሽ ነው። ግን ሰውየው፣ «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ መብራት ደግሞ ደስ ሲለው» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመስግኜ ሰረዝኩት።

ሐይቁ፦ ሦስት ቦታ ሞልቷል። አራተኛው ላይ አንዲት ሴትዮ አነሱ።

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት። ባልና ሚስት።»

«የሚስማሙ ናቸው የሚጣሉ?»

«ለምን?»

«ለሚጣሉት ባለ ሁለት አልጋ አለኝ። ይረክሳል።»

«አይጣሉም። አይነጋገሩም።»

ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል።

«እናትና አባትህ ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ በረንዳ ያለውን ልስጥህ። ዝም የሚል ሰው ፊቱ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። በባለ ሁለት አልጋው ዋጋ ይሁንልህ። ለሰው እንዳትናገር፣ ሌላው እንግዳ ይነዘንዘኛል።»

ይህቺን ሴትዮ ማየት ፈለግሁ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ሰኔ 20

ቦታው ተገኘ። ግን ማን ይፈልገዋል? እሱ የእሷን ይጠብቃል፣ እሷ የእሱን። እንዲህ ስንል ጳጉሜን ይደርሳል።

ለአባዬ፦ «እማዬ ሐይቅ ማየት ትፈልጋለች።»

ቀና አለ። «አለች?»

«አለች።»

ለእማዬ፦ «አባዬ ሐይቁ ናፍቆኛል ይላል።»

ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ይሁን» አለች። እሱም ያለው ይህንኑ ነው። ቃል በቃል።

ስምንት ወር ሳልጨምር ሳልቀንስ አመላለስኩላቸው። የውሸት ያደረስኩት የዛሬውን ነው፣ የሠራውም እሱ ነው። እንዴት እንዲህ ይቀላል? ትንሽ አስፈራኝ።

ሰኔ 24

የኔንና የእቴቴን ክፍል ለሁለት የሚከፍለው መጋረጃ አሁንም እንዳለ ነው። ዛሬ የድሮ ካርታዋን ፍለጋ ወደ እሷ ወገን ገባሁ። አቧራ የለም። እማዬ ትጠርጋለች ማለት ነው። መቼ? አይቻት አላውቅም።

እቴቴ «መርማሪው» ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን ጥያቄ ሲበዛባት፣ «አንተ እኮ ስትሞትም ለምን? ብለህ ነው የምትሞተው» አለችኝ። በሳቅ ፍርስ አልን። ሁለታችንም።

ስለ ውሸቴ ብነግራት ምን ትል ነበር? አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ከዚያ አፈርኩ። ካርታውን ይዤ ወጣሁ።

ሐምሌ 3

ሄዱ።

መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አባዬ በልማድ በሹፌሩ በር ሊወጣ ሄዶ ነበር። ሹፌሩ ጓደኛው ነው፤ «አለቃ፣ ዛሬ ዕቃ ነህ! በዚያ በኩል!» ብሎ ሳቀበት። ሦስተኛው ወንበር። እሷ በመስኮቱ፣ እሱ በመተላለፊያው። ለየብቻ ትኬት የቆረጡ ሁለት መንገደኞች ይመስላሉ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲወጣ አባዬ አንገቱን አስግጎ የጎን መስታወቱን ይፈልጋል።

አሥር ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። «ደርሰናል።»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አባዬ። «ደርሰናል።»

ሐምሌ 4

አክስቴ ጸጉር ቤት ዋልኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ።

«ፎጣውን የት እንዳደረገው አባትህን ጠይቀው።»

«እሱ የት ነው?»

«እዚህ በረንዳው ላይ።»

«አንቺስ?»

«እኔም በረንዳው ላይ።»

አባዬ ጋ ደወልኩ። «ሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ነው በላት» አለ። ከአጠገቡ እማዬ ስታስል ይሰማኛል።

እስኪመሽ አሥራ አራት ጥሪ። ሻይ ይፈልግ እንደሆነ። ወንበሩ ጀርባዋን ያማት እንደሆነ። የሚበሩት ወፎች ምን እንደሚባሉ!

አክስቴ የደንበኛዋን ጸጉር እንደያዘች፣ «ትኬቱ ለሁለት ሰው ነበር። ይኸው ሦስተኛ ሆነህ ተሳፍረሃል» አለችኝ። ደንበኛዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሐምሌ 5

ጠዋት አራት ጥሪ። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬን ዘጋሁ።

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ዘጋሁ። የእኛ ቤት ልጅ ሆኜ።

አክስቴ እጄ ላይ የጠፋውን ስልክ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን እንደሚሆኑ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የአንቺ ክፍት ይሁን። ቢብስ ላንቺ ይደውላሉ።»

ወለሉን ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁት። አባዬ ያን ቀን ስልኩን ዘግቶ ሲነዳ ምንም አልተሰማውም ነበር፣ አያውቅማ። እኔ ደቂቃዋን ሁሉ አወቅኳት።

ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ። አሥር ላይ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። እጇ አረፋ ስለሆነ በክርኗ ላውድ ላይ አደረገችው። አባዬ ነው። ድምፁን እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

«ልጁ የት ነው?»

«አለ። ደህና ነው። ወለሌን ሊበሳው ነው በመጥረግ።»

«ስልኩ ዝግ ነው!»

«ዘግቶት ነው።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ እሱን አጠገብህ ያለችውን ጠይቃት።» ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አለቀስኩ። ለደንበኛዋ ሳሙና ዓይኔ ገባ አልኳት።

አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ከፈትኩት። ወዲያው ጮኸ። የአባዬ ቁጥር። የእማዬ ድምፅ።

«አንተ! ስልክ ይዘጋል?»

ከኋላ አባዬ፦ «ምን ሆነ እንበል? እናትህ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች!»

«አባትህ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደጅ ወጥቶ ነበር!»

«ይቅርታ...»

«ደግሞስ እኔ ሐይቅ ናፈቀኝ ያልኩህ መቼ ነው?» አለ አባዬ።

«እኔስ? ውሃ እፈራለሁ እኮ! ልጅ ሆኜ ወንዝ ወስዶኝ በስንት መከራ...»

«ወንዝ ወስዶሽ?» አለ አባዬ። ለእኔ አይደለም።

«አዎ። አልነገርኩህም?»

«አልነገርሽኝም።»

ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጣበቅሁት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እሱን ልቆጣው» አለ አባዬ።

«እኔ ልጨርስ።»

«እሺ፣ ጨርሺ።»

«አይ፣ አንተ ጨርስ።»

ማንም አልጨረሰም። ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጡት መሰለኝ፤ ወሬያቸው እየራቀ ሄደ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ሐምሌ 6

አንድም ጥሪ የለም።

ሐምሌ 7

ዛሬም። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ሳስገባ ዋልኩ። ደህና ናቸው? ምን እየሆኑ ነው?

አሥር ሰዓት ላይ ጮኸ። ባለ በረንዳዋ ሴትዮ ናቸው።

«አንድ ቀን ጨምሬላቸዋለሁ፣ ነገ እንዳትጠብቃቸው። ደግሞስ አይነጋገሩም አላልከኝም? የጎረቤት ክፍሉ እንግዳ አላስተኛ አሉኝ ብሎ ሲከሰኝ ነው የዋለው!»

ሐምሌ 9

መጡ።

የአባዬ አፍንጫ ተልጧል። እማዬ ውሃው ውስጥ ገብታለች፣ አባዬ እጇን ይዟት።

«እስከ ቁርጭምጭሚቷ» አለ አባዬ።

«እስከ ጉልበቴ ነው።»

«ቁርጭምጭሚት ነው።»

«አንተ ምኑን አየህ? ወፍ ላይ አፍጥጠህ!»

ወፍ! አባዬ!

ተቀጣሁ። አንድ ወር ዕቃ ማጠብ። ግማሹ ለስልኩ፣ ግማሹ ለውሸቱ። ሁለቱ ተመካክረው ነው የወሰኑት፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ምሳ ላይ ጠየቅኳቸው። «ምን ተባባላችሁ እዚያ?»

እማዬ አባዬን አየችው። እሱም አያት።

«እሱ የኔና የእናትህ ነው» አለ።

«ስለ እቴቴ ነው?»

«ነው» አለች እማዬ።

«ስለ ሦስቱ ቀን?»

«አዎ።» ዓይኗ ቀላ። አባዬ ውሃ ቀዳላት።

«እና?»

«እና ዕቃው ይጠብቅሃል።»

አሁን አጥቤ ጨርሼ ኩሽና ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እነሱ ሳሎን ናቸው። ድምፃቸው ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። የእሷ ይረዝማል፣ የእሱ ያጥራል። ቅድም ሳጥብ የእቴቴን ስም ሰማሁ። አባዬ ነው የጠራት። በዚህ ቤት ስሟ ከተጠራ... ለመስማት ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁ። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ መልሼ ከፈትኩት፣ እስከ ጥግ።

ለመስከረም የምይዘው ሻንጣ የለኝም። ልጠይቃቸው ተነስቼ ነበር።

ይጨርሱ መጀመሪያ።