ስምሽ ከጥጃው ተረት ላይ ተሰረዘ

ለእናቴ ለወይዘሮ አንጓች፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ

እናና፣ እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ አፈር ያለበስኩሽ እኔው ነኝ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አንቺ ከሌለሽ ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው ስለጠፋ ጥፋቴ ሁሉ ጣዕም አጥቷል።

አባ ወጥ መሥራት ለመደ፣ ለመደ ከተባለ። ጨው ሁለቴ ይጨምራል፤ አንዴ ለወጡ፣ አንዴ ለንዴቱ። እህቴ ጥሩወርቅ ሐሙሲት ተዳረች። ባሏ እስካሁን እኔን ሲያይ ወደ እግሩ ነው የሚያየው፤ የሠርጉ ዕለት ጫማውን የዶሮ ቆጥ ውስጥ ደብቄበት ነበር። የታችኛው ማሳ ሩዝ ሆነ። እንደማትወጂው አውቃለሁ፤ አባን ውቀሺው።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የተጣላሁት ሰው አለ።

ያ ቴፕ አንግቶ የመጣው መምህር ትዝ ይልሻል? ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ወረታ የሚያስተምረው፣ ጭቃችን ላይ እንደ ፍየል የሚዘለው። የልጆች ተረት እያጠናሁ ነው፣ መጽሐፍ ላወጣ ነው፣ ወይዘሮ አንጓች ያውቃሉ ብለውኝ መጣሁ አለሽ። አንቺም በጠራራ ፀሐይ ተረት ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል፣ ሲመሽ ና አልሽው። እሱ ደግሞ ጎርፉ መንገድ ሳይዘጋበት ወረታ መግባት ነበረበት። አሬራ አጠጣሽውና “ምን አስቸኮለህ ልጄ፣ ተረቱ የትም አይሄድ” ብለሽ ሸኘሽው።

እስከ አስፋልቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ሳየው፣ የእናቴን ተረት እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። ቴፑን ከፈተ። እኔም ከእግዜር ፍርሃት ነፃ ሆኜ እዚያው የፈጠርኩትን ቀደድኩለት። እናቱን የሚታዘዝ አንድ ጥጃ ነበር፤ የማይታዘዘውን ወንድሙን ጅብ በላው፤ ታዛዡ ግን የወርቅ ቃጭል ተሸለመ። ከሁለተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ የቀረኝን ቅርጽ ነው የተጠቀምኩት። እንደምታውቂው ከሰባተኛ ክፍል የተባረርኩት ያለሰዓቱ የመውጫ ደወል ደውዬ ተማሪውን ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሰደድኩ ነው፤ ከዚያ ትምህርት የተረፈኝ ይኸው ነበር። መምህሩ ዓይኑ በራ። “ይህ እጅግ ጥንታዊ ነው!” አለ። በሳቅ ልፈነዳ ነበር። ማታውኑ ልነግርሽና አብረን ልንስቅ አስቤ፣ ለነገ አልኩ፣ ለነገ አልኩ፤ ከዚያ ወባዋ ጣለችሽ።

ዘንድሮ መምህሩ ረቂቁን ይዞ መጣ። የጥጃው ተረት ከሁሉ ፊት ተቀምጧል። ከሥሩ ምን ይላል መሰለሽ? “ተራኪ፦ ወይዘሮ አንጓች፣ ቁሐር ሚካኤል።” እናና፣ በሕይወቴ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። አንቺ ያን ተልካሻ ጥጃ ብትሰሚ ራስሽ ለጅቡ ትሰጪው ነበር።

እዚያው ተናዘዝኩለት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ውሸታም እውነት ሲናገር የሚደርስበትን ቀመስኩት። ያንቺን እውነተኛውን ልንገርህ ብዬ በጠራራው ፀሐይ ጀመርኩ። (አዎ፣ በሬያችን ያን ዕለት ጠፍቶ የጎረቤት ሩዝ ውስጥ ተገኘ። አባ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። አጋጣሚ ነው።)

ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ሲያለብስ አንዲትን ልጅ ለሚስትነት መጠየቁን ነገርኩት። እሷም እሺ፣ ግን እስክዘገጃጅ ወደ ቦይህ ተመለስ ማለቷን። ውሃው ሲሸሽ ሰዉ እርጥቡ ላይ ሽምብራውን መዝራቱን። ርብ በየክረምቱ መጥቶ ደረስሽ ወይ ሲላት፣ እሷ በየክረምቱ አዲስ ሰበብ መስጠቷን። ሰበቡን ደግሞ ሰሚው እንደሚያመጣ፣ አንቺም “በሉ፣ ዘንድሮስ ምን ትበለው?” ብለሽ እንደምታፎካክሪን ነገርኩት።

“ቆንጆ ነው” አለ፣ “ግን መጨረሻ የለውም። ደግሞ እየዋሸች የምታሸንፍ ልጅ ለሕፃናት አትሆንም።” ሕፃናቱን እንጠይቃቸዋ አልኩት። እልኸኛ ነው፣ ይዞኝ ወረታ እኔው የተባረርኩበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ገባ።

ጥጃውን ራሱ አነበበላቸው። የወርቁ ቃጭል ጋ ሲደርስ አንዱ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ቀጥሎ እኔ ቆምኩ። ዘንድሮስ ምን ትበለው ስላቸው ክፍሉ ተገለበጠ። ቀሚሷ አልደረቀም በሉት! እናቷ ገበያ ናት! አንዷ ሚጢጢ ወንበር ላይ ወጥታ፣ “ገና ሁለተኛ ክፍል ነኝ፣ ስጨርስ ና!” ብላ ጮኸች። መምህሩ ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ውጭ ስንወጣ ግን ያው ነው። ጥናቱ መልካም የሚሸለምበት፣ ክፉ የሚቀጣበት መጨረሻ ይፈልጋል አለኝ። ልጅቱ እውነቱን ትናገርና ወንዙ ይቅር ይበላት፤ እንዲያ ካደረግን ከጥጃው ቀጥሎ ይገባል፣ የእናትህ ስም በሁለት ተረት ላይ ይወጣል አለ። በእርግጥ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያከብርሽ ነው የፈለገው። እኔም ስምሽን በመጽሐፍ ላይ ማየት እንዴት እንደምፈልግ አንቺ ታውቂያለሽ።

እንቢ አልኩት። ልጅቱን ይቅርታ አታስጠይቃትም፣ ምን አድርጋ? አገር ነው ያበላችው። ከጥጃውም ላይ የእናቴን ስም ሰርዝ፣ የእኔን ጻፍ፣ ከፈለግህ ውሸታሙ አስማረ በል አልኩት። እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ እያየሁት፣ ስምሽ ላይ መስመር ጎተተበት። አንጀቴ አብሮ ተሰረዘ። ግን አልተመለስኩም።

ስለዚህ እናና፣ መጽሐፉ ሲወጣ አንቺ የለሽበትም። አትፈልጊው። የሁለተኛ ክፍሏ አስተማሪ ግን በየሳምንቱ ዓርብ መጥተህ አውራላቸው ብላኛለች፤ ያባረረኝ ትምህርት ቤት በፊት በር ሊያስገባኝ ነው። ስምሽን በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ይህ የወይዘሮ አንጓች ነው እላለሁ። ስረሳ የሚያስታውሱኝ አርባ ጩኸታሞች አሉልኝ። መጨረሻውን ንገረን ያለኝን ሁሉ እንቢ እለዋለሁ። አንዴ ቀብሬሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጨርስሽም።

ልጅሽ አስማረ