በባዶ መርፌ የተሰፋው መጋረጃ

ልጄ፣ አምላክ በሰላም ያገላግልሽ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ክር ሲበጠስ የስፌት መኪናው ድምፁ ይለወጣል። ወንድምሽ ግን ሳይሰማ የመጋረጃውን ጠርዝ በሙሉ በባዶ መርፌ ሰፋው። ልብህ የት ሄደ ብዬ ተቆጣሁት፤ ለካ ጆሮው ነው። ሐኪም ቤት ስወስደው ሽንቱም ውስጥ ደም ተገኘ። ሐኪሟ እንዳለችኝ፣ ኩላሊትም ጆሮም ውስጥ እንደ ገበር ያለ ስስ ሽፋን አለ፤ የተሠራበት ኮላጅን የሚባለው ክር ሲበላሽ ሁለቱም ይጎዳሉ። ከእኔ ከእናቱ ነው የወረሰው። ስንቱን ሰው በጥሩ ገበር አልብሼ፣ ለገዛ ልጄ ይሄን ሰጠሁት።

አንቺም ሳትወልጂ ተመርመሪ፤ ደህና ነኝ እያልሽ አትሸንግዪኝ። ስትደውዪ ለወንድምሽ ጮክ በይለት፤ ያልሰማውን በሳቅ ነው የሚያልፈው። ባለፈው ማርገዝሽን ስትነግሪው ስቆ ዝም ያለው ንቆሽ አይደለም። አጎት እንደሚሆን እስካሁን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ ከአንቺው አፍ ይስማው።