ሲሊንደር አብዲራህማን ለውትድርና ስለ መጠራቱ

ለተከበሩ ጓድ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ድሬዳዋ፣ መጋላ
የካቲት 1978 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በጽሕፈት ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማራገቢያውን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። በዚህ ቀበሌ ብረት የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ስምና የአባት ስም ሊወጣለት እንደሚችል በራሴ ደርሶ ስላየሁ፣ ሰላም ሳልለው ባልፍ ይቀየመኛል ብዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የድሬን ሙቀትና ነገ ጠዋት ልጄን ሽሬን ለውትድርና ልትወስዱብኝ መሆኑን ካልቆጠርነው ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም።

ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ መድና ወርሳሜ ነኝ፤ የባቡር ሠራተኛ የነበረው የአብዲራህማን ሚስት፣ አላህ ይዘንለትና እሱ ካረፈ ወዲህ ደግሞ በራፌ ላይ ሳምቡሳና ባጂያ እየጠበስኩ አንድ ልጄን ያሳደግኩ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ለስኳር የሚሰለፈው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፣ ሐሻ! ሂስ ለአብዮቱ እንደ ምግብ ነው ብለው በየስብሰባው የሚነግሩን እርስዎ ነዎት፤ እኔም ምግብ ማቅረብ ሥራዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠራችሁኝን ፊደልም ያለ ሥራ ከማስቀምጠው ልጠቀምበት ብዬ ነው፤ ለዚህ ውለታ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጋዝ ነው። ከዚራ ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ግሪክ አገሩ ሊገባ ሲነሣ፣ የጋዝ ምድጃውን ከነሲሊንደሩ ለባለቤቴ ሸጦለት ሄደ። ሲሊንደሩ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ፣ አንገቱ ላይ 1957 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት፣ እንደ ግሪኩ ወፍራም ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያልቅበት እያስሞላሁ፣ የጅቡቲ ባቡር ሲገባ ለሚወርደው መንገደኛ ትኩስ ትኩሱን ሳቀርብበት ኖርኩ። ዘንድሮ ላስሞላ ስወስደው የጋዝ ማደያው ኃላፊ ጓድ ክፍሉ አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ቆረቆሩት፣ ከዚያም ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ አዲስ አበባ ተልኮ ካልተመረመረ አንሞላም፣ ቢፈነዳ ማን ይጠየቃል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለነፍሴ በማሰባቸው አመስግኜ ወጣሁ። ከሰልም ሞክሬ ነበር፤ ግን በከሰል ያ ትልቅ መጥበሻ እስኪግል ባቡሩ መጥቶ ይሄዳል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የደረሰብኝን፣ ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሲሊንደሩን በባቡር ለመላክ ጣቢያው የይለፍ ወረቀት አምጪ ስላለኝ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። መዝገብ የምትይዘው ጓድ የኔነሽ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው በቤተሰብ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ነዋሪ ብቻ ነው ብትለኝ፣ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና፣ እሱማ ከብዙዎቻችሁ በፊት ጀምሮ መጋላ ነዋሪ ነው ብዬ ቀለድኩ። አቦ፣ ያ ቀልዴ ነው ጉድ የሠራኝ! እርስዎ በዚያች ደቂቃ የሻይ ብርጭቆዎን ይዘው ሲያልፉ፣ ታዲያ መዝግቢውና ይሂድ፣ ሴትዮዋን አታጉላያት ብለው አዘዙ። ስለ ቅልጥፍናዎ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ። ልጅቷም ስም በሚለው ቦታ ሲሊንደር አለች። የማን ነው ብላ ብትጠይቀኝ የአብዲራህማን ነበር ስላልኩ የአባት ስም ተገኘለት። ወንድ ነው ሴት በሚለው ላይ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነውና ተቸገርን። ሴት ካልነው በሴቶች ማኅበር ስብሰባ መቅረት ያስቀጣሻል ብላ፣ ለእኔው አዝና፣ ወንድ አለችው። የትውልድ ዘመኑን ከአንገቱ ላይ ገለበጠችው። ሥራ፣ ምግብ ማብሰል፤ የጋብቻ ሁኔታ፣ ያላገባ። እኔም ጋዙን ላግኝ እንጂ ልጅሽ ነው ቢሉኝስ ምን ቸገረኝ ብዬ ፈረምኩ። ምን እንደሚቸግረኝ ያኔ ባውቅ ኖሮ እጄን ይቁረጠው አልፈርምም ነበር።

2ኛ. ሲሊንደር አብዲራህማን በይለፍ ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ሆዱ ላይ በጠመኔ "አርጅቷል" ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰ። እኔ ድሬ ተወልጄ አዲስ አበባን ሳላይ ቀረሁ፤ እሱ አይቶ መጣ። ጓድ ክፍሉም እንግዲህ አሮጌውን አስረክቢና አዲስ ውሰጂ ብለው ተስፋ ሰጡኝ። ላስረክብ ብዬ የቀበሌውን ፈቃድ ስጠይቅ ግን፣ በመዝገብ ላይ ያለ ነዋሪ በጋዝ አይለወጥም፣ ይህ የባሪያ ንግድ ነው፣ አብዮቱ እንዲህ ያለውን ነገር ከሥሩ ነቅሎታል ተባልኩ። ወላሂ፣ አፍሬ ወጣሁ። ልጄን ለአንድ ምድጃ ጋዝ ልሸጥ የነበርኩ አረመኔ መሆኔን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

3ኛውን ለማሳጠር ያህል፣ ሲሊንደር የሰፈር ጥበቃ ተራ ደረሰው። ቀርቷል ተብዬ ስለ ተገሠጽኩ በሚቀጥለው ተራው ዱላ አስደግፌ በር ላይ አቆምኩት። የጥበቃ ጓዱ ሰማታር፣ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ እስኪነጋ ድረስ ያላንቀላፋ አንድ ጠባቂ ቢኖር ሲሊንደር ብቻ ነው ብሎ መሰከረለትና በስብሰባ ላይ ስሙ ተነሥቶ ተጨበጨበለት። ሽሬ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ተጨብጭቦለት አያውቅም።

4ኛ. እስከዚህ ድረስ ስቄ ነበር። ከዚያ በኋላ የብሔራዊ ውትድርና መጥሪያ መጣ፤ ለሲሊንደር አብዲራህማን፣ ዕድሜ ሃያ አንድ። ያ አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር የፈረንጅ ዘመን ነው ብዬ ባስረዳ ማን ሰምቶኝ! ጋዝ ማደያው ዘንድ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነው፣ ቀበሌው ዘንድ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለጋዝ አርጅቷል፣ ለጦር ደርሷል። እኔና ሽሬ መጥሪያውን ይዘን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በማግሥቱ ሰማታር የእርስዎን መልእክት ይዞ ሲመጣ ነው ሳቃችን የተቋረጠው። ባለፈው ዙር ምልመላ እርስዎ ራስዎ በሬ ላይ ቆመው፣ ሳምቡሳዬን በእጅዎ ይዘው፣ አይዞሽ መድና፣ የባል አልባ ሴት አንድዬ ልጅ አይነካም ብለውኝ ነበር። እኔም ያንን ቃልዎን ይዤ ነበር የምተኛው። አሁን ግን ሽሬ በመዝገቡ መሠረት ታላቅ ወንድም ስላለው አንድዬ ልጅ መሆኑ ቀርቷል፤ ከሁለቱ አንዳቸው እስከ ቅዳሜ ይቅረብ፣ ታላቁ ካልመጣ ታናሹ ይመጣል ተባለ። ያ ረቢ! ያን ዕለት መጥበሻው ጋዝ አጥቶ የቀዘቀዘ ባይሆን ኖሮ እጄን ዘይቱ ውስጥ ብከተው አይሰማኝም ነበር። ሽሬ ሰው ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ከስፌት መኪናው ሲነሣ ወገቡን የሚያመው፣ ትኩስ ሻይ መጠጣት የማይችል፣ ያንን የእርስዎን ካኪ ሱሪ ያጠበበልዎት ልጅ ነው።

5ኛ. ሲሊንደር ከመዝገብ ይፋቅልኝ ብዬ ብለምን፣ በሕይወት ያለ ሰው አይፋቅም፣ ሞቷል የሚል ማስረጃ ከጤና ጣቢያ አምጪ ተባልኩ። ይሁን ብዬ በጋሪ ጭኜ ወሰድኩት። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየና ምንም አይሰማም ሲል ደስ ብሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ጠንቃቃ ነውና ለማረጋገጥ ብሎ አናቱን ትንሽ ሲያዞረው፣ ከሥር የቀረች ጋዝ ነበረችና ፊስስ አለ። ድሬሰሩም ትንፋሽ አለው፣ የአፉ ጠረን ግን ደግ አይደለም ብሎ በሕይወት መኖሩን ጽፎ ሰጠኝ። ስንት ቀን ሳምቡሳ ልጠብስበት አንዲት ትንፋሽ ነፍጎኝ የኖረ ብረት፣ እዚያ ሄዶ ተነፈሰ!

6ኛ. ቅዳሜ ታላቁን ልጄን ለምልመላ አቀረብኩ። ራቁቱን እንዳይሄድ አጥቤ የአባቱን ሽርጥ ወገቡ ላይ አሸረጥኩለት። ግቢዎ ውስጥ ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ እናቶቹ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ሰማታር ሲሊንደርን በጋሪ አምጥቶ ሰልፉ ውስጥ አቆመው። ስም እየተጠራ ደርሶ ሲሊንደር አብዲራህማን ሲባል፣ ያ ሁሉ የተሰለፈ ጎረምሳ ባንድ አፍ "አለሁ!" ብሎ መለሰ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ ምልክት አደረጉበት። እናቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ስቀው ሳይጨርሱ መልሰው አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው። ምክንያቱም የእነሱ ልጆች የተሰለፉት እንደ ሲሊንደር ትንፋሻቸው ሊመረመር ሳይሆን ለእውነተኛ ጦር ነው።

መኪናው ልጆቹን ጭኖ ሄደ። ሲሊንደርን ሾፌሩ ከበደኝ ብሎ ተወው። በማግሥቱ ሳልፍ ከግቢዎ የኒም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ የስብሰባ ደወል ሆኖ በብረት ሲቀጠቀጥ አገኘሁት። ለግዳጅ የሰጠሁት ልጅ ነውና ምደባውን አልቃወምም። የአባቱን ሽርጥ ግን ማን እንደወሰደው ቢጣራልኝ ደስ ይለኛል፣ ማስታወሻዬ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሰማታር አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከኮታው አንድ ሰው ጎድሏል፣ ስለዚህ ሽሬ ነገ ጠዋት ይቅረብ ተብሏል አለኝ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ግን እስኪ አብረን እናስበው። በግቢዎ የተሰቀለው ነገር ልጄ ከሆነ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ ሕዝብ ፊት ተረክበውኛል፤ ይህ ቤት አንድ ልጁን ሰጥቷል። ብረት ከሆነ ደግሞ ሽሬ ወንድም የለውም፤ እርስዎ በሬ ላይ ቆመው ቃል የገቡለት አንድዬ ልጅ ነው። ከሁለቱ የወደዱትን ይምረጡ፤ እኔ በየትኛውም አልከራከርም። የመረጡትን ግን ደወሉን አስመትተው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከደወሉ ሥር ቆመው ይንገሩን። እስከዚያው ሽሬ የትም አይሄድም፤ ከስፌት መኪናው ላይ ነው፤ እኔም በሩ ላይ ነኝ፤ ሥራ ስለሌለኝ እንደ ልቤ መቀመጥ እችላለሁ፤ ለዚህም ጋዝ ማደያውን አመሰግናለሁ።

ሥራ በዝቶብዎ ሳለ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጤናዎ፣ ለረጅም ዕድሜዎና በተለይም ለዓይንዎ አላህን እለምንልዎታለሁ፤ ቀና ብለው እንዲያዩበት።

ከቀዘቀዘ መጥበሻና ከማይቀዘቅዝ ሆድ ጋር፣
አክባሪዎ
መድና ወርሳሜ
የሽሬ እናት (በእውነት)፣ የሲሊንደር እናት (በመዝገብ)

ግልባጭ፦
ለጋዝ ማደያው
ለጤና ጣቢያው
ለሲሊንደር አብዲራህማን፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ በጋዝ ማደያው በር ላይ "ለዘማች ቤተሰብ ቅድሚያ ይሰጣል" የሚል ተለጥፎ አይቻለሁ። እንግዲህ የዘማች እናት ነኝና አዲስ ሲሊንደር በቅድሚያ እንዲሰጠኝ ለጓድ ክፍሉ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ሲሰጠኝ ግን፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ይህኛው እንዳይመዘገብ። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ አሁን ሌላ ወንድ ልጅ ቢቆጠርብኝ የመጋላ ሰው ምን ይለኛል? አባቱ ማነው ብለው ሲጠይቁኝም፣ "መዝግቢው" ብሎ ያዘዘውን ሰው ስም ከመናገር በቀር ሌላ ምን እላለሁ?