እናታችን ያንተ ነው ያለችው ኒሻን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ ላክላን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሮዛሪያ እንዴት ናት? ትንሿ ቴሬሳስ ጥርስ አወጣች? እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን፤ እናታችንም ሳሉ ቢጸናባትም ቆማ ትሄዳለች። ዘንድሮ በረዶው ደጃፋችን ላይ ተከምሮ፣ ጀልባ ከወጣ ሰነባብቷል።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስጽፍልህ ፊቴ በእፍረት እየተቃጠለ ነው። ስለ ኒሻኑ ሳትሰማ አትቀርም። በጦርነቱ ጊዜ መድፍ በተጠመደባት የዓሣ መርከባችን ከባሕር ፈንጂ ስንጠርግ፣ አንዱ ከመጥረጊያው ገመድ ጋር ተጠላልፎ ወጣና ከመርከቧ ጎን ሊላተም ሆነ። እኔና ምግብ አብሳያችን ገመዱ እስኪቆረጥ ድረስ በረጅም እንጨት ገፍተን ያዝነው። ጀግንነት እንዳይመስልህ፤ ብንለቀው የምንበጣጠሰው እኛው ነበርን። ንጉሡ ኒሻን የሰጡኝ ለዚያ ነው።

ይህን ኒሻን እናታችን በኅዳር፣ በሙታን መታሰቢያ ሰንበት፣ ጥቁር ካፖርቷ ላይ ሰክታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በር ላይ ሴቶቹ "የጊልበርት ነው?" ቢሏት፣ "የለም፣ የላክላኔ ነው። እሱን አሜሪካ ለትልቅ ሥራ አስቀርተውት ነው" አለቻቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር። በጦርነቱ መሃል ኒው ዮርክ ላይ ከመርከብህ ወርደህ መጥፋትህን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሊፈልግህ የመጣው ፖሊስም የአክስቷ ልጅ ስለሆነ አፉን ይዟል። ልጇ ከዳ ከምትባል ዝም ልበል ብዬ ዝም አልኩ።

ውሸት ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ባለፈው ወር የካፒቴንህ የራናልድ ሚስት፣ እትዬ ኤልስፔት፣ ቤታችን መጡ። አንተ በወረድክ በሁለት ሳምንቱ መርከቧ ስትሰጥም ነፍስ እንዳልተረፈ ታውቃለህ። እሳቸው ግን ወሬውን ሰምተው፣ አንተ ተርፈህ የተሸለምክ መስሏቸዋል። ገና ከመቀመጣቸው፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ ልጅሽ ምን ብሎ ጻፈልሽ? ራናልዴ ሲሞት ምን አለ?" አሏት። እናታችን ሻይ መቅዳቷን አቆመች። ከዚያ፣ "'ጌታ ሆይ፣ ባሕሩም ያንተ ነው፣ እኔም ያንተ ነኝ' እያለ ነው የሞተው" አለች። እትዬ ኤልስፔት አለቀሱ፤ ጎንበስ ብለውም ኒሻኑን ሳሙት። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ኤልስፔት ያንን ቃል በራናልድ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ ሊያስቀርጹት መሆኑን ሰማሁ፤ ጠራቢው ልኬት ሳይቀር ወስዷል። እናታችንን "እንንገራቸው" ብላት፣ "አፍህን ዝጋ። የገዛ ወንድምህን አደባባይ ልታሰጣው ነው?" አለችኝ። እኔም ሳልነግራት ሄድኩ።

እትዬ ኤልስፔት መረብ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ኒሻኑ የማን እንደሆነ፣ አንተ እንዴት እንደጠፋህ፣ ቃሉም የእናታችን ፈጠራ መሆኑን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ ሰሙኝና፣ "ራናልድ እና ጸሎት?" አሉ። "ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር ሞተር ሲራገም እንጂ ሲጸልይ ሰምቼው አላውቅም። ግን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፤ እናትህን አልቀየማትም።"

"ወንድሜንስ?" አልኳቸው። መረቡን አስቀመጡ። "ጥሎት ሄዷልና ልረግመው በተገባኝ። ግን ልጄ፣ በዚያች መርከብ ከተሳፈሩት በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ጻፍለት። ራናልድ በመጨረሻው ሰሞን ምን ይበላ እንደነበር፣ ማንን ይሰድብ እንደነበር፣ ጉልበቱ ያመው እንደነበር ይንገረኝ። ማሳመር የለም፤ ያየውን ብቻ።"

እናታችን ይህን ስትሰማ ኒሻኑን ከካፖርቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ፤ ቀናት ሙሉ አኮረፈችኝ። ትናንት ግን ሻሿን አስራ ወደ እትዬ ኤልስፔት ቤት ስትወርድ በመስኮት አየኋት። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ለምን እንደወረድክ አልጠይቅህም። እኔም ያን ፈንጂ ገፍቼ ስቆም መሮጫ ባገኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ። አንተን በኒሻን መሸፈኑ ግን አሳፍሮኛል፤ ሟቹንም ሕያዋኑንም ማታለል ነው። ስለዚህ እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ፤ ለእትዬ ኤልስፔት ጻፍላቸው።

ለሮዛሪያ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቴሬሳን ጉንጯን ሳምልኝ። የሮዛሪያን አባትና እናትም እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። እናታችን ትከሻዬ ላይ ቆማ የምጽፈውን እያየች ነው። "መለመኑን ተው፤ እናትህ አዛሃለች በለው" ትላለች።

ታናሽ ወንድምህ ጊልበርት
ፖርትኖኪ፣ ስኮትላንድ
መጋቢት 2 ቀን 1947 እ.ኤ.አ.